እስከ መታጠፊያው

ሻጩ ሲመጣ ዘሀራ እንዳታነክስ ተወሰነ። ውሳኔው የተላለፈው እሷ በሌለችበት ነው፤ በሌለችበት ማለት እሷ መኝታ ቤት፣ ባሏና የበኩር ልጇ ሳሎን ሆነው፣ በመሃላቸው አንድ መጋረጃ ብቻ ተንጠልጥሎ። ሐጂ አብዱልፈታህ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎታል። ዕድሜውን ሙሉ ዘይትና ስኳር በጅምላ ሲሸጥ የኖረ ሰው ግን ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ፣ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ብቻ ናቸው የማይሰሙት። «ሰውዬው እግሯን ካየ አለቀልን» አለ ለልጁ። «ዋጋ የሚቆርጠው ችግራችንን አይቶ ነው። ሻይ ይዛ ትውረድ፣ ትውጣ፣ ደህና መሆኗን ይይ። ደረጃ የሚያወጣውን ወንበር ለጌጥ ነው የፈለግነው እንለዋለን።» ፋሩቅ «እሺ አባ» አለ። ፋሩቅ ሚስት አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ ባኮ ድረስ እየወረደ በቆሎ የሚጭን ትልቅ ነጋዴ ነው፤ ለአባቱ ግን ከእነዚህ ሁለት ቃላት ሌላ ሦስተኛ ሲመልስ ተሰምቶ አያውቅም።

ዘሀራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ግራ ጉልበቷን በሁለት እጇ እንደያዘች ሁሉንም ሰማች። ጉልበቷ ሌሊቱን እንደ ቦካ ሊጥ ሲነፋ ያድርና ጠዋት አልታጠፍም ይላል። ሐኪሙ መሃሉ ያለው ነገር አልቋል ብሏታል፤ ምኑ እንዳለቀ ባይገባትም ማለቁ ገብቷታል። የሰማችው ነገር ሊያናድዳት ይገባ ነበር፤ እሷን ግን ከንዴት በፊት ጭንቀት ቀደማት። ሻዩ ቢደፋስ? ደረጃው መሃል እግሯ ከድቷት ሰውዬው ቢያይስ? በእሷ ጥፋት ዋጋው ቢወጣስ? ሰው በራሷ ላይ ሲዶልት እንኳ ዱለታው እንዳይበላሽበት የምትሰጋ ሴት ናት።

ቤቱ አምቦ ገበያ ዳር ያለ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ታች ሱቁ፣ ከሱቁ ኋላ መጋዘኑ፣ ከመጋዘኑ ጎን ለሞባይል ጠጋኝ የተከራየ ክፍል፤ ላይ ቤተሰቡ። ላይና ታቹን የሚያገናኘው ደረጃ መሃል ላይ ይታጠፋል። ግንበኛው በጊዜው ቀጥ አድርጌ ልሥራው ብሎ ነበር፤ ሐጂው ቦታ ይበላብኛል፣ የአንድ ክፍል ኪራይ ያስቀርብኛል ብሎ አሳጠፈው። ያቺ የተረፈችው ቦታ ናት ዛሬ ሞባይል የሚጠገንባት። ሴት ልጃቸው ሂዳያ አንድ ቀን፣ ለእማ ለምን ታች አንድ ክፍል አይለቀቅላትም ብላ ጠይቃ ነበር። ሐጂው እንደ ስድብ ነው የሰማው። «ታች ሰው አይተኛበትም፤ ታች ብር ነው የሚተኛበት» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ስለ ታች ክፍል ማንም አላነሳም። ምሳ ሲቀርብ ሁሉም የየፊቱን እያየ ይጎርሳል፤ አንዱ ጨው ሲጠይቅ ሌላው ይደነግጣል።

ወንበሩን ያመጣው ፍቅር አልነበረም፣ እፍረት ነው። ባለፈው ወር ዘሀራ ሐኪም ቤት ስትሄድ ያወረዷት ከሱቁ በር የማይጠፉት ጫኝና አውራጆች ነበሩ፤ የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ይዘው። ሲጨርሱ ሐጂው የአንድ ኩንታል ስኳር ማውረጃ ሊከፍል እጁን ኪሱ ከተተ። የጫኞቹ አለቃ ተሬፋ አልተቀበለም። ዘሀራን ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ አያትና፣ «ሐጂ፣ ይሄ በጆንያ ሒሳብ አይሄድም። ይሄ ተሰባሪ ዕቃ ነው» ብሎ የብርጭቆ ካርቶን ዋጋ ጠየቀ። ድንች ሻጮቹ ሳቁ፤ የባጃጅ ሾፌሮቹ ሳቁ፤ ሞባይል ጠጋኙ መነጽሩን አውልቆ ሳቀ። ዘሀራ ራሷ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። ሐጂው ግን በዚያው ሳምንት ሂዳያን ጠርቶ፣ ያ በቴሌግራም ያሳየሽኝ በደረጃ ላይ የሚሄደው ወንበር ስንት ነው አላት።

በእርግጥ መጀመሪያ ርካሹ ተሞክሯል። ጂራ የሚባል በያጅ፣ የወፍጮ ሞተር፣ ሰንሰለትና የአሮጌ ሚኒባስ ወንበር ገጣጥሜ ከዋጋው በሩብ እሠራዋለሁ አለ። ሠርቶም ጋራዡ ደረጃ ላይ አሳያቸው። ለሙከራ የተቀመጠው የበቆሎ ጆንያ ሲነሳ ደህና ተነሳ። ከላይ የደረሰው ግን ጆንያው ብቻ ነበር፤ በቆሎው በየደረጃው ቀርቷል። ጂራ ሰው እንደ በቆሎ አይፈስም ብሎ ተከራከረ። ሐጂው ለትንሽ ጊዜ ያሰበበት መሰለ። ሂዳያ ዓይኗን ስትተክልበት ተወው።

ዘሀራ ወንበሩን የፈለገችው ለሐኪም ቤት አልነበረም። ግቢው ጀርባ ያለችውን ክፍል የተከራየችው መምህርት ጃለኔ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለሰፈሩ ሴቶች ማንበብና መጻፍ ታስተምራለች፤ ሰኞና ረቡዕ የአማርኛውን ፊደል፣ ማክሰኞና ሐሙስ የኦሮምኛውን ቁቤ። ዘሀራ ከሁሉም ቀድማ የተመዘገበች፣ የቤት ሥራዋን ሁለት ጊዜ ሠርታ የምትመጣ፣ እርሳሷ እንዳያልቅ ቀስ ብላ የምትጽፍ ተማሪ ነበረች። ጉልበቷ ካስቀራት ወዲህ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ታች ሲያነቡ ትሰማለች። መጀመሪያ ላይ መልሱን ከላይ ሆና ትጮህላቸው ነበር። ጃለኔ ቀና ብላ፣ «አዴ ዘሀራ፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ ከሰማይ መልስ አይመጣም» አለቻት፤ ሴቶቹ ሳቁ፤ እሷም ዝም አለች። ዝም ብላ ስትሰማ ግን ከሁሉም ያመማት የድንች ነጋዴዋ የጉዴ ንባብ ነው። ትናንት ፊደል ሲጠቁሟት ግድግዳውን ታይ የነበረችው ጉዴ አሁን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ታነባለች፤ እያነከሰች ቢሆንም ታነባለች፤ ማንም አታንክሺ አላላትም። ዛሬ ረቡዕ ነው። እያንዳንዷ በተራዋ ቆማ አንድ ገጽ የምታነብበት ቀን ነው። ዘሀራ እወርዳለሁ ብላ ለጃለኔ ልካለች።

ሂዳያ ከምትሠራበት ባንክ ለምሳ ስትወጣ መኝታ ቤት ገብታ የእናቷን ጉልበት ከቀሚሱ ሥር በፋሻ ጠቀለለች። የሕመም ማስታገሻ ክኒን ከውሃ ጋር ሰጠቻት። ፋሻውን እያዞረች አንዴ ቀና አለች፤ አንድ ነገር ልትናገር ነው ሲባል «ጠበቀብሽ?» ብቻ አለች። ዘሀራ «ደህና ነው» አለች። ሌላው ንግግር ሁሉ አብሮ ተጠቅልሎ ቀረ። ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ በሩን ስትዘጋው ከሚገባው በላይ ጮኸ።

ሻጩ ሥዩም ከአዲስ አበባ በጠዋት ተነስቶ ነበር፤ የተሳፈረበት ሚኒባስ ጊንጪ ላይ ጎማው ፈንድቶ ከምሳ በኋላ ደረሰ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው በአቧራ የነጣ፣ ብብቱ ሥር ታብሌት ያቀፈ ቀጭን ሰው ነው። ሐጂው አምቦ ውሃ ከፈተለት፤ ፋሩቅ ትራስ አስጠጋለት። ሥዩም አንድ በአንድ አሳያቸው። ይሄኛው መቀመጫው ይታጠፋል፤ ያኛው ቀበቶ አለው። ሐጂው ወንበሩ ላይ ሳይሆን የሻጩ ፊት ላይ እያፈጠጠ፣ መብራት ሲጠፋስ አለ። ባትሪ አለው፣ መብራት ጠፍቶም ያመላልሳል አለ ሥዩም። ፋሩቅ አንድ ኩንታል ይችል እንደሆነ ጠየቀ። ሰው ብቻ ነው የሚጫንበት ተባለ። «እሺ» አለ ፋሩቅ፤ ለእንግዳ «አባ»ን አልጨመረም።

ከዚያ ዋጋው መጣ። ደረጃው ስለሚታጠፍ ሐዲዱ እንደ ደረጃው ተጠምዝዞ በልክ ይሠራል፤ የሚሠራው ውጭ አገር ነው፤ ሲመጣ ቀረጥ አለው፤ ዶላሩ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ሌላ ሆኗል። «ዘጠኝ መቶ ሺህ» አለ ሥዩም። ሐጂው ደስ የሚል ቀልድ እንደሰማ ሰው ሳቀ። እሱ እኮ ወንበሩን ያን ያህል አልፈለገውም፤ ልጆቹ አዩና ወደዱት እንጂ። ይሄን ሲል ከልቡ ነው የሚመስለው። ማቀዝቀዣውን የገዛው ቀዝቃዛ ውሃ ጉሮሮዬን ያመኛል እያለ ነው። ዘሀራን ራሷን ሊያገባ ሽማግሌ ሲልክ፣ ብዙም የፈለግኋት አታስመስሉ ብሎ ነበር የላካቸው። ሽማግሌዎቹ ቃሉን ጠብቀው ምንም ያልፈለገ አስመሰሉት፤ አባቷም እንግዲያው ከእኔ ቤት ምን አመጣችሁ ብሎ ሊያስወጣቸው ደርሶ ነበር። ሁለተኛ ተመልሰው ልጁ እንቅልፍ አጥቷል ብለው ካልተናገሩ ነገሩ ቀርቶ ነበር።

«ዘሀራ፣ ስኳር ከሱቅ!» ብሎ ተጣራ። የስኳር ጅምላ ነጋዴ ቤት ስኳር መጥፋቱ ሥዩምን ትንሽ ገርሞት ይሆናል። ዘሀራ ሳሎኑን ቀጥ ብላ አቋረጠች፤ ፈገግ ብላ «እንኳን ደህና መጣህ ልጄ» አለችው። ከሳሎኑ የሚታየው የደረጃው የላይኛው ግማሽ ብቻ ነው። እስከ መታጠፊያው ድረስ እንደ ሙሽራ ወረደች። ከታጠፈች በኋላ ግድግዳውን አቀፈችና የሻሿን ጫፍ ነክሳ እያንዳንዱን ደረጃ በጎኗ ወረደች። ስኳሩን ይዛ ስትወጣም እንደዚያው፣ ታች ያለው የራሷ፣ ላይ ያለው የሻጩ ነበር። ሐጂው «እንደምታያት ሚዳቋ ናት» አለ። ሥዩም ሃያ ሺህ ቀነሰ። ከዚያ ብስኩት ከሱቅ አስፈለገ፤ ሌላ ሃያ ሺህ ወረደ። ከዚያ ሎሚ። ሎሚ የጠየቀ አልነበረም፤ ለእሱ ግን አርባ ሺህ ወረደ። ዘሀራ በወረደች ቁጥር ዋጋውም አብሯት ይወርዳል፤ እሷ ስትወጣ ግን እሱ እዚያው ታች ይቀራል። ሐጂው ከጉልበቷ ላይ ብር እየለቀመ መሆኑን ሳያውቀው አይቀርም፤ ዓይኗን ማየት ትቶ ሻዩን ሲያማስል ነበር። ስምንት መቶ ሃያ ሺህ ላይ ሲደርሱ፣ የቀረ ነገር ካለ ብሎ፣ ሁለተኛ ብስኩት ላካት።

በዚህ መሃል ሥዩም ሊለካ ሜትሩን ይዞ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆመ። ለካ፣ ጻፈ፣ ደግሞ ለካ። ሐጂውና ፋሩቅ ከኋላው ቆሙ። ዘሀራ ሰሐን ይዛ ከታች ብቅ አለች፤ ስላዩአት የቀራትን ኃይል ሁሉ አሰባስባ መታጠፊያው ላይ ደረሰች። ሥዩም አያትና ራሱን ነቀነቀ። «ሐጂ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለ። «እናት ደህና ናቸው። ይሄን ሁሉ ብር ለምን ያወጣሉ? ቀጥ ያለ ሐዲድ አገር ውስጥ አለኝ። ከታች እስከ መታጠፊያው ልግጠምልዎት። አራት መቶ ሺህ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ትንሽ ነገር እንደሚያዩአቸው በእግራቸው ይወጡታል።»

ሐጂ አብዱልፈታህ በንግድ ዘመኑ ብዙ ዋጋ አስቀንሷል፤ ከግማሽ በታች ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የገዛው፣ እሱም ዝናብ የነካው ሳሙና ነበር። ፊቱ ላይ ወዛ ያለ ነገር መጣ። ወደ ታች ሲያይ ዘሀራ ታየዋለች። ያውቃል፤ እሷም እንደሚያውቅ ታውቃለች፤ ፋሩቅም ሁለቱም እንደሚያውቁ ያውቃል። በመጨረሻ ሐጂው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ግማሹስ ምን አለው?» አለ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው። «መታጠፊያው ላይ ትንሽ ካረፈች...» ዘሀራ ከፋሩቅ በኩል የተለመዱትን ሁለት ቃላት ጠበቀች። ፋሩቅ አፉን ከፍቶ ዘጋው።

ያኔ ከግቢው ጀርባ ንባቡ ተጀመረ። የጉዴ ድምፅ ነው፤ በእያንዳንዱ ቃል ላይ እየተደናቀፈች፣ እየተነሳች፣ እንደገና እየሄደች። ዘሀራ አዳመጠች። ሕይወቷን ሙሉ ሰው እንዳይቸገርባት ስትጨነቅ የኖረች ሴት፣ የዚያን ጊዜ ምን እንደመጣባት ራሷም አታውቅም። ሰሐኑን ቀስ አድርጋ፣ ብስኩቱ እንዳይወድቅ ተጠንቅቃ፣ መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ግድግዳውን ይዛ መታጠፊያው ላይ ቁጭ አለች። የማይታጠፈው እግሯ መተላለፊያውን እንደ ኬላ ዘጋው።

«ምን ሆንሽ?» አለ ሐጂው።

«ምንም። ወንበራችሁ እዚህ ድረስ አደረሰኝ። ከዚህ በላይ ማን እንደሚያደርሰኝ እየጠበቅሁ ነው።»

ሐጂው ለሥዩም ሳቀለት። መቀለድ ትወዳለች አለው፤ በትዳራቸው ዘመን ሁሉ አንድም ቀን ስትቀልድ ሰምቷት አያውቅም። ተነሺ እንግዳው ይለፍ ሲላት፣ እንግዳው ወጣት ነው፣ ይጠብቅ አለች። ከመመላለሱ ብዛት ፋሻው ተፈትቶ ጫፉ ከቀሚሷ ሥር ወጥቶ፣ ሁለት ደረጃ ወደ ታች ተዘርግቷል። ሥዩም ፋሻውን አየ። ከዚያ ግድግዳው ላይ፣ ስኳርና ሎሚ የያዘ እጅ እየተደገፈ የወጣበትን አዲስ እድፍ አየ። ሜትሩን ቀስ ብሎ ጠቀለለ፤ ሲጨርስም ኪሱ አልከተተውም።

ሐጂው ወርዶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ታች ሞባይል ጠጋኙ ሬዲዮውን ቀነሰ። «ሊያልቅልን ነበር እኮ! በግማሽ ዋጋ!»

«በግማሽ ደረጃ ነው» አለች ዘሀራ። «አባቴ ዘንድም አልፈለግኋትም ስትል ልትቀር ነበር። ያኔ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው አወጡህ። አሁን ሽማግሌ የለም፤ ወንበሩን እንደምትፈልገው አንተው ንገረው።»

ሐጂው ቁጢጥ ማለቱ ስላደከመው እሱም ቀስ ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እንደዚያ ጎን ለጎን ሆነው ለረጅም ጊዜ ተቀምጠው አያውቁም። ከግቢው ጀርባ ጉዴ ጨርሳ ሴቶቹ አጨበጨቡላት።

«አባ፣ ሙሉውን ግዛ» አለ ፋሩቅ ከላይ።

ሁሉም ቀና ብለው አዩት። ራሱም የሆነ ነገር ሰብሮ እንደተገኘ ሰው ቆሟል። ሐጂው ልጁን አየ፤ ሚስቱን አየ፤ ከዚያ እንደሚሰምጥ ሰው የመጨረሻዋን ገለባ ያዘ። «ሙሉውን... ስምንት መቶ ሃያ ነበር ያልከው አይደል?»

ሥዩም አንገቱን ሰበር አደረገ። ስምንት መቶ ሃያው ለጌጥ ለሚፈልግ ሰው ነበር አለ በትህትና፤ ላይገዛኝ ለሚችል ሰው ቅናሽ አደርጋለሁ፤ እናት ግን ያስፈልጋቸዋል፤ ዘጠኝ መቶ። ሐጂው በዚህ በኩል አልተሳሳተም ነበር፣ ሻጭ ችግር ሲያይ ዋጋ ይጨምራል። ትክክል በመሆኑ ግን ያን ቀን ደስ ሲለው አልታየም። ቀብዱን በስልኩ ሲልክ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ ስልኩን ወደ ጣራው ዘርግቶ ደረጃው ላይ ወደ ላይም ወደ ታችም ተመላለሰ። ዘሀራ ተቀምጣ አየችው። ጉልበቱ ይንቋቋል። ብሩ መሄዱን ስልኩ ሲያበስር ሥዩም አመሰገነ፤ ሐዲዱ ተሠርቶ እስኪመጣ ሦስት ወር እንደሚፈጅም ተናገረ። ይህን አስቀድሞ አለመናገሩን ያስተዋለው ማንም አልነበረም።

«በል ያዛት፣ ወደ ላይ እናድርሳት» አለ ሐጂው ለልጁ።

«ወደ ታች» አለች ዘሀራ።

አባትና ልጅ ክንዳቸውን አቆላልፈው ወንበር ሠሩላት። ሐጂው በደረጃው ላይ እያቃሰተ፣ ፋሩቅ እየቀናና እየጎበጠ፣ በሱቁ በኩል አውጥተው በገበያው ዳር፣ በድንች ሻጮቹ ፊት አዙረው ወደ ግቢው ጀርባ ወሰዷት። ተሬፋ ጆንያ ላይ ተጋድሞ ነበር፤ ሲያያቸው ተነስቶ ተከተላቸው። ጃለኔ ትምህርቱን አቁማ፣ ዘገዩ እኮ አዴ ዘሀራ አለች። ዘሀራ ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀች፤ ገበያ ላይ ነበርኩ አለች። ጉዴ በርጩማዋን ለቃላት መሬት ላይ እየተቀመጠች «ኮቱ፣ አስ ታኢ»፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ አለቻትና መጽሐፏን ከፊቷ ዘረጋችላት።

ሐጂው ወገቡን ይዞ አጥሩን ተደግፏል። ተሬፋ ከጎኑ ቆሞ እንጀራው የሆነ ሥራ እንደተነጠቀበት ሰው አየው። «ሐጂ፣ ገበያ ሰበራችሁብን» አለ። «በነጻ የሚሸከም ነጋዴ ካለ እኛ ምን እንብላ?»

ሐጂው ሊመልስ አፉን ሲከፍት ዘሀራ ቀደመችው። «ወንበሩ እስኪመጣ ሰኞና ረቡዕ ና» አለችው ተሬፋን። «ማክሰኞና ሐሙስም።»

ተሬፋ ወደ ሐጂው፣ ከዚያ ወደ እሷ አየ። «በየትኛው ሒሳብ?»

«በተሰባሪው» አለችና፣ ጉዴ ጣቷን ካሳረፈችበት መስመር ላይ አጎንብሳ ማንበብ ጀመረች።